ሐራራው ሳይጥለን ቡናና ለስላሳ እንዴት እንቀንስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ፣ ከሐይቅና ከባቲ ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ቡናውን ወይም ኮካውን በአንድ ቀን እርግፍ አድርገው ለመተው ሞክረው ራስ ምታቱ ከመለሳቸው ሰዎች የመጡ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ከመልሶቹ በፊት መለኪያ እንያዝ። ከታች ሁሉ የምንቆጥረው በስኒ ሳይሆን በዱቄት ነው። ስኒ አያስተማምንም፤ ያንዱ ቤት በረካ ከሌላው ቤት አቦል ይወፍራል። የአገራችን ቡና አረቢካ ነው፤ በ100 ግራም ውስጥ 1.2 ግራም ገደማ ካፌይን ይዟል። የተወቀጠ ቡና ልክ እስከ አፉ የሞላ፣ ያልተቆለለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 5 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ማንኪያ ዱቄት ማለት 60 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን ነው። ጥቂቱ አተላው ውስጥ ስለሚቀር ይህን ቁጥር እንደ ጣሪያ ይያዙት። ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ስጋት እንደሌለው የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። ይህ ግን ጣሪያ እንጂ ግብ አይደለም፤ በ150 ሚሊ ግራም እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ ጠዋት፣ ከምሳ በኋላና ማታ። የምንጠጣው እናቴ፣ ታላቅ እህቴና እኔ ነን። አንድ ጀበና ላይ ስምንት ማንኪያ ዱቄት ይገባል፤ እኔ ከአቦል እስከ በረካ አልቀርም። እንቅልፍ አጣሁ፣ ልቤም በድንገት ድው ድው ይላል። ሁለት ጊዜ እርግፍ አድርጌ ተውኩት፤ በማግስቱ ራሴን ቀፍድዶ ያዘኝ፣ አስመለሰኝ፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ጠጣሁ። ምን ይሻለኛል? (ከደሴ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ስምንት ማንኪያ በ60 ሲባዛ 480 ሚሊ ግራም ነው። ለሦስት ሲካፈል በአንድ ጀበና የእርስዎ ድርሻ 160፣ በቀን ሦስት ጊዜ ደግሞ 480 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከጣሪያው ያለፈ ቢሆንም የሚያስደነግጥ መጠን አይደለም። ጉዳቱን ያባሰው የማታው ጀበና ነው ብለን እናስባለን።

ካፌይን ሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ እንደ ሰዉ ከ3 እስከ 7 ሊለያይ ይችላል። ማታ 12 ሰዓት የጠጡት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሲሆን ግማሹ ገና ደምዎ ውስጥ አለ። ቶሎ እንቅልፍ ቢወስድዎት እንኳ እንቅልፉ ጥልቀት አይኖረውም፤ በዚያ ምክንያት ጠዋት ደክሞዎት ይነሣሉ፤ ለድካሙ ደግሞ የጠዋቱን አቦል ያወፍራሉ። ስለዚህ ቅነሳው የሚጀምረው ከማታው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከጠዋቱ ሲጀምር ነው፤ ራስ ምታቱ ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውልና ማታ ሁሉንም መልሶ ይጠጣዋል።

ራስ ምታቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቁ ለትዕግሥት ይረዳል። ነቅተን ስንውል አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ እሱ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል፣ የአንጎል ደም ሥሮችም ይሰፋሉ። ካፌይን መቀመጫውን ቀድሞ ይይዝበታል። አንጎልም በፈንታው ተጨማሪ መቀመጫ ያዘጋጃል፤ ቡናው በድንገት ሲቀር አዴኖሲኑ በዚያ ሁሉ መቀመጫ ላይ በአንድ ጊዜ ይሰፍራል። ራስ ምታቱ፣ ድብታው፣ ቁጡነቱ፣ አንዳንዴም ማቅለሽለሹ ከዚህ የተነሣ ነው። የሚጀምረው ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ የሚብሰው በአንደኛውና በሁለተኛው ቀን ሲሆን ከ2 እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። እርስዎ ሁለቱንም ጊዜ የተመለሱት ከባዱ ካለፈ በኋላ ነበር ማለት ነው። ቢሆንም እንደገና በዚያው መንገድ ይሂዱ አንልም፤ መቀመጫዎቹ ቀስ ብለው እንዲቀንሱ ጊዜ መስጠት እየተቻለ ለሥቃይ የሚያበቃ ምክንያት የለም።

አሁን ቤትዎ በቀን 24 ማንኪያ ይወጣል። በየሳምንቱ ካለው ላይ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል እንቀንስ። በመጀመሪያው ሳምንት የማታውን ጀበና ወደ አራት ማንኪያ ቡና አውርደው አራት ማንኪያ የተቆላ ገብስ ይጨምሩበት፤ ጠዋትና ቀን አይነኩም። በሁለተኛው ሳምንት የማታው ሙሉ በሙሉ ገብስ ይሁን። እዚህ ላይ 16 ማንኪያ ቀርቷል። በሦስተኛው የቀኑን ወደ አምስት ቡናና ሦስት ገብስ፣ በአራተኛው የጠዋቱን ወደ ስድስት ቡናና ሁለት ገብስ ያውርዱ። በቀን 11 ማንኪያ ለሦስት ሲካፈል የእርስዎ ድርሻ 220 ሚሊ ግራም ነው። እዚያ ላይ ሁለት ሳምንት ይቁሙና እንቅልፍዎንና ልብዎን ያዳምጡ። ብዙ ሰው ከዚህ በታች መውረድ አያስፈልገውም። ጨርሶ መተው ከፈለጉ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ማንኪያ ይቀንሱ፤ የመጨረሻዋ ግማሽ ስኒ ግን ከሁሉም ታስቸግራለችና አንድ ሳምንት ሙሉ ይታገሷት።

እናትዎና እህትዎ መቀነስ ካልፈለጉ ጀበናውን አይንኩባቸው፤ እርስዎ ለራስዎ ትንሽ ጀበና ይያዙ። በየቀኑ እየተከራከሩ የሚቀንሱት ቡና አይዘልቅም።

ስለ ገብሱ ጥቂት እንጨምር፤ አብዛኛው ሰው አንዴ ሞክሮ የሚተወው አሠራሩን ሲስት ነው። ገብስ ካፌይን የለውም። ከቡናው ጋር በአንድ ምጣድ አይቁሉት፤ የሚበስሉበት ጊዜ የተለያየ ስለሆነ ወይ ገብሱ ያራል ወይ ቡናው ጥሬ ይሆናል። ለብቻው በመካከለኛ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ፣ ለቆሎ ከሚቆላው በላይ አጥቁረው ግን ሳይከስል ያውርዱት። አወቃቀጡ ላይ ነው ጥፋቱ የሚበዛው፤ ገብስ ከላመ ስታርቹ ውሃውን እንደ አጥሚት ያወፍረዋል፣ ጀበናው ይገነፍላል፣ አንገቱም ይደፈናል። ስለዚህ ከቡናው ሸከር ያለ ይሁን። ሲፈላ ከእሳት አውርደው አራት አምስት ደቂቃ ያስቀምጡት፤ ካልዘቀጠ ስኒው ውስጥ እህል እህል ይላል። ጣዕሙ በአቦልና በቶና ያልቃል፤ በረካው ላይ ውሃ ውሃ ቢል አይዘኑበት። ስንዴና ገብስ የማይስማማቸው ሰዎች ግን ይህን ይተዉት፤ እነሱ ዱቄቱን ብቻ ይቀንሱ።

አንዱ ደረጃ ከከበደዎት ወደ መጀመሪያው አይመለሱ፤ አንድ ደረጃ ብቻ ወደ ኋላ ብለው ሦስት አራት ቀን ይቆዩ። ራስ ምታቱ ሲጠና ግማሽ ስኒ ቡና በግማሽ ሰዓትና በአንድ ሰዓት መካከል ያበርደዋል። ፓራሲታሞልም ይሆናል፤ ግን የእንክብሉን ማሸጊያ ያንብቡ። ለራስ ምታት ከሚሸጡት አንዳንዶቹ በአንድ ፍሬ 65 ሚሊ ግራም ካፌይን አለባቸው፤ ቡናውን ቀንሰው በእንክብል መልሰው ይወስዱታል ማለት ነው። የሕመም ማስታገሻ በሳምንት ከሁለት ሦስት ቀን በላይ መውሰድም ራሱ ራስ ምታት ይወልዳል። በድንገት የጀመረና እንዲያ ያለ ከዚህ በፊት ታይቶ የማያውቅ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ ወይም እጅ እግር የሚያዝል ወይም እይታ የሚያደበዝዝ ከሆነ የቡና ሐራራ ብለው አይጠብቁት፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ይዩ። የልብ ድው ድው ማለቱም መጠኑ ከወረደ በኋላ ከቀጠለ መታየት አለበት፤ የደም ማነስና እንቅርትም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ አልፎ አልፎም በባቲ በኩል እስከ ሚሌ የምመላለስ ሾፌር ነኝ። ስኳር እንዳይዘኝ ብዬ ከመደበኛው ኮካ ወደ ዳይት ተዛወርኩ። አሁን ግማሽ ሊትሩን በቀን አራት እጠጣለሁ፤ ጫት የምቅም ቀን ስድስት ይደርሳል። ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ቀዝቃዛ ሲነካው ጥርሴ ይጠዘጥዘኛል። አንድ ቀን ብተወው መንገድ ላይ እንቅልፍ ሊጥለኝ ነበር። ደግሞ ዳይት ካንሰር ያመጣል ይሉኛል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ዳይት ኮካ ስኳሩ ይቅር እንጂ ካፌይኑ አልቀረም። እንዲያውም ከመደበኛው ይበልጣል፤ በ330 ሚሊ ሊትር ጣሳ ዳይቱ 42፣ መደበኛውና ዜሮ የሚባለው 32 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛሉ። የእርስዎ ሁለት ሊትር ወደ 256፣ የጫቱ ቀን ሦስት ሊትር ደግሞ ወደ 384 ሚሊ ግራም ይወስድዎታል። እንቅልፍ ሊጥልዎት የነበረው ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ስለቀረ ነው።

ለስላሳ ከቡና በተለየ በሦስት ነገር ይይዛል፤ በካፌይኑ፣ በጣፋጭነቱና በጋዙ። ሦስቱን በአንድ ቀን የተወ ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደጎደለው እንኳ ሳያውቅ ይመለሳል። አስቀድመው ካፌይኑን ያውርዱ፤ ጋዙና ጣፋጩ ይቆዩ። በመጀመሪያው ሳምንት ከአራቱ ግማሽ ሊትር አንዱን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የሚጠጡትን፣ በአምቦ ውሃ ይተኩ። በሁለተኛው ግማሽ ሊትሩን ትተው በቀን ሦስት ጣሳ ብቻ ይግዙ፤ ሳይታወቅዎት ከሊትር ተኩል ወደ አንድ ሊትር ወረዱ ማለት ነው። በሦስተኛው ሁለት ጣሳ፣ በአራተኛው አንድ ጣሳ፣ ያውም ጠዋት። ከዚያ በኋላ ያችን አንዷን ከአምቦ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ እየቀላቀሉ ይጨርሷት። ጣፋጩ የሚለቅዎት በዚህ ጊዜ ነው፤ ምላስ ሁለት ሦስት ሳምንት ካገኘ ቀድሞ የወደደው ድብልቅ ራሱ ይጣፍጠዋል። አምቦ ውሃ ላይ ሎሚ የመጭመቅ ልማድ አለ፤ ለሌላው ጥሩ ነው፣ ለእርስዎ ጥርስ ግን ሎሚ ከኮካው አይሻልም። ደም ግፊት ካለብዎትም በአምቦ ውሃ ውስጥ ሶዲየም ስላለ አያብዙት።

ወደ ስኳሩ ኮካ መመለስን ግን አያስቡት። በግማሽ ሊትሩ ውስጥ 53 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ አሥራ ሦስት የሻይ ማንኪያ ነው።

ቅነሳውን የሚጀምሩበትን ቀን ይምረጡ። የእያንዳንዱ ደረጃ የመጀመሪያ ሁለት ቀን ከባዱ ስለሆነ፣ ዕረፍት ባለዎት ቀን ወይም ከተማ ውስጥ ብቻ በሚሠሩበት ቀን ይጀምሩት። የሌሊት ጉዞ ባለበት ሳምንት ምንም አይቀንሱ፤ ይህን በቁም ነገር ነው የምንለው። ሐረጎን እየወረዱ ዓይንዎ ከከበደ ማስቲካም መስኮት መክፈትም አያድንም። ዳር ይያዙ፣ ሁለት ስኒ ቡና ጠጥተው ወዲያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጋደም ይበሉ። ካፌይኑ ሥራውን የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስለሆነ ሲነሡ እንቅልፉም ቡናውም ይረዱዎታል። ከ20 ደቂቃ ካለፈ ግን ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ይገቡና ተደናብረው ይነሣሉ።

ስለ ጫቱ፦ ሁለቱን በአንድ ሳምንት ለመቀነስ አይሞክሩ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም ልብን ያፈጥናል፣ እንቅልፍን ያርቃል፤ ከካፌይን ጋር ሲደመር ደም ግፊቱን አብሮ ይገፋዋል። ጫት አፍ ስለሚያደርቅ ነው ኮካው ስድስት የሚደርሰው፤ አብዛኛው ጥም ነው እንጂ የኮካ አምሮት አይደለም። የጫቱ ቀን ሁለት ሊትር ተራ ውሃ ከፊትዎ ያስቀምጡ፤ ኮካውን ከሁለተኛው ብርጭቆ ውሃ በኋላ ብቻ ይክፈቱ።

ጥርሱን የሚበላው አሲዱ ነው፤ ኮላ ዳይትም ሆነ መደበኛ አሲድ ነው። መሪ ላይ ሆነው ቀኑን ሙሉ ጭልጥ ጭልጥ እያሉ መጠጣት በምግብ ሰዓት አንድ ጊዜ ከመጠጣት ይከፋል፤ ምራቅ አሲዱን ለማርገብ ፋታ አያገኝምና። እንደጠጡ አፍዎን በውሃ ይጉመጥመጡ፤ ጥርስዎን ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይፋቁ፤ የላላውን ገለፈት ፍቀው ያነሡታል። መፋቂያም ቢሆን ያው ነው።

ካንሰሩን በተመለከተ የተባለው ይህ ነው፦ በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም በዳይት ውስጥ በስኳር ፈንታ የሚገባውን ማጣፈጫ፣ አስፓርቴምን፣ «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ምድብ አስገብቶታል፤ ይህ ምድብ ማስረጃው ውስን ሲሆን የሚሰጥ ነው። በዚያው ቀን መጠን የሚወስነው ኮሚቴ የቀን ጣሪያውን ሳይለውጥ በአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊ ግራም ላይ ተወው። በአንድ ጣሳ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም አስፓርቴም አለ ቢባል፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጣሪያውን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ መጠጣት አለበት። እርስዎ በጫቱ ቀን ሦስት ሊትር ሲጠጡ ዘጠነኛው ጣሳ ላይ ነዎት። ፍርሃቱን ተራ ነገር ነው አንልም፤ ግን በመጀመሪያ የሚጎዱዎት እንቅልፍዎ፣ ጨጓራዎና ጥርስዎ ናቸው። ክብደት ለመቀነስ ብለው ወደ ዳይት ለሚዞሩ ደግሞ፣ ድርጅቱ በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ስኳር ያልሆኑ ማጣፈጫዎችን ለክብደት መቆጣጠሪያ እንዳይጠቀሙባቸው መክሯል። ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም።

ጥያቄ፦ ረመዳን በገባ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከዙህር በኋላ ራሴን ማንሣት ያቅተኛል። ክርስቲያን ጎረቤቴም ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾም እንዲሁ ትሆናለች። ጾሙ ነው ወይስ ቡናው? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ረሃብና ጥምም ያሳምማሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ መጥቶ የሚሄደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቡናው ነው። ሌሎቹን ቀኖች ጠዋት 2 ሰዓት የሚጠጣ ሰው በጾሙ ቀን ከ12 ሰዓት በላይ ያለ ካፌይን ውሎ ዙህር ላይ ሐራራው ይይዘዋል።

ከጾሙ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይጀምሩ፤ ለረመዳን ሻዕባን አጋማሽ ላይ ማለት ነው። ከላይ ለደሴዋ እህታችን የሰጠነው ቅደም ተከተል እዚህ ተገልብጦ ይሠራል፤ የሚወርደው የጠዋቱና የቀኑ ነው፣ ጾም የሚከለክለው እሱን ነውና። በየሦስት ቀኑ የጠዋቱን ቡና አንድ ሰዓት ያዘግዩ፣ መጠኑንም በየጊዜው አንድ ማንኪያ ይቀንሱ። ጾሙ ሲገባ ከኢፍጣር በኋላ፣ በባዶ ሆድ ሳይሆን ምግብ ቀምሰው፣ አንድ ሁለት ስኒ ይጠጡ፤ ሌሊቱን ሙሉ አቦል ከበረካ ማስከተሉ ግን ለሱሑር የሚነሡበትን እንቅልፍ ይበላዋል። ሱሑር ላይ አንዲት ስኒ ቢጠጡ ሐራራው ወደ ማታ ይገፋል። እንዳያስጠማ ከእርሷ ጋር ሁለት ብርጭቆ ውሃ ያስከትሉ።

ለጎረቤትዎ ነገሩ ይቀላል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በልታ ትጠጣለች። እሷን የሚጎዳት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቀኑን ሁሉ ቡና በአንድ ጊዜ መጠጣቷ ነው፤ ሌሊት ዓይኗ ይፈጣል። ሁለት ስኒ ላይ ትቁም። በ2018 ዓ.ም. ረመዳንና ሁዳዴ የካቲት ውስጥ በአንድ ሳምንት እንደገቡት ሲገጣጠሙ፣ ቅነሳውን አብራችሁ ብትጀምሩት ቡና የሚጠራራው ሰው ይቀንስላችኋል።

ጥያቄ፦ የአምስት ወር እርጉዝ ነኝ። ቡና ጨርሶ ተዪ የሚሉኝ አሉ፤ አማቴ ደግሞ «እኔ ሰባት የወለድኩት እየጠጣሁ ነው» ይላሉ። የደም ማነስ እንክብልም ተሰጥቶኛል። (ከወልዲያ)

መልስ፦ ጨርሶ መተው ግዴታ አይደለም፤ እንደ ልብ መጠጣትም አይቻልም። በእርግዝና ጊዜ በቀን ከ200 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ነው የሚመከረው፤ በእኛ መለኪያ የራስዎ ድርሻ ሦስት ማንኪያ ዱቄት፣ ሻይና ለስላሳውም ተቆጥሮ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 በላይ የሚጠጡ እርጉዞች እንዲቀንሱ ይመክራል፤ የፅንስ መጨንገፍና የሕፃኑ ክብደት ማነስ ስጋት አለና። በእርግዝናው መጨረሻ ሰውነት ካፌይንን ለማስወገድ የሚፈጅበት ጊዜ ሦስት እጥፍ ያህል ይረዝማል፤ የጠዋቱ ቡና ማታም አለ። አማትዎ የጠጡት ስንት ማንኪያ እንደነበር ዛሬ የሚለካው የለም፤ ተከባብሮ ማለፉ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ግን የብረት እንክብሉን ይጠንቀቁ። ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። እንክብሉን ከቡና በፊትም በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት አርቀው በውሃ ይዋጡ። ምግብ ላይ ወዲያው ሻይ መከተልም የጤፉንና የምስሩን ብረት ያስቀራል። ብዙ እናቶች እንክብሉን ወር ሙሉ ውጠው ደማቸው ያልጨመረው በዚህ ነው። ሲቀንሱ ራስዎን ካመመዎት፣ ያለ ሐኪም ምክር የተቀላቀለ የራስ ምታት እንክብል አይውሰዱ።

ጥያቄ፦ አባታችን ስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። በቤታችን ዳይት ብቻ ነው የምናስገባው። ልክ ነን? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ለዕለት መጠጥ ልክ ናችሁ፤ ውሃ ግን ይበልጣል። አንድ ነገር ግን ጎድሏችኋል። ስኳራቸው ሲወርድ፣ ማለትም ሲያልባቸው፣ ሲንቀጠቀጡ፣ ንግግራቸው ሲዛባ፣ ዳይት ቢያጠጧቸው ምንም አይፈይድም፤ ስኳር የለውምና። ለዚያ ሰዓት አንድ ጠርሙስ መደበኛ ኮካ ወይም ስፕራይት በቤት ይኑር። 15 ግራም ስኳር ያስፈልጋል፤ ከ300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ግማሹ ይህን ይሰጣል። ካልተገኘ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፤ ካልወጣ ይደገም። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አትስጧቸው፤ ወደ ሆስፒታል ይዛችሁ ሩጡ። ሁለቱ ጠርሙሶች ስለሚመሳሰሉ የመደበኛው አንገት ላይ ቀይ ክር እሰሩበት፤ ልጆቹ እንዳይጠጡትም ይረዳል።

አጫጭር ጥያቄዎች ከባቲና ከኮምቦልቻ

ስፕራይት፣ ፋንታና ሚሪንዳ ካፌይን አላቸው? በአብዛኛው የላቸውም፤ ስኳሩ ግን አለ። ሻይስ? እንደ ቅጠሉ ብዛትና እንደሚፈላበት ጊዜ ይለያያል፤ 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ 40 እና 50 ሚሊ ግራም መካከል ይገመታል፤ በትንሿ የሻይ ብርጭቆ ከዚያ ያንሳል። አረንጓዴ ሻይም ካፌይን አለው። የኃይል መጠጥ? በ250 ሚሊ ሊትር ጣሳ 80 ሚሊ ግራም ገደማ፤ ለልጅ አይሰጥም። የቡና ገለባና የቡና ቅጠል እየፈላ የሚጠጣው? ሁለቱም ካፌይን አላቸው፤ «ቡና አይደለም» ብሎ ማታ የሚጠጣቸው ሰው ራሱን እያታለለ ነው። ጦስኝ፣ ዝንጅብልና ቀረፋ የላቸውም። ቀሪቦም ካፌይን የለውም፤ ስኳሩ ግን ቀላል አይደለም።

ቡና አጥቁሮ መቁላት ካፌይኑን ያጠፋዋል? በጣም ጥቂት ነው የሚነካው። ጥቁሩ ይመርራል፣ ጠንካራም ይመስላል፤ በክብደት ከለካነው ግን ከቀላው ጋር ይቀራረባል።

ጥያቄ፦ ቡናውን ለመቀነስ ወስኛለሁ፤ ጎረቤት ግን አያስቀንስም። ተጠርቼ ከበረካ በፊት ብነሣ ይከፋቸዋል። (ከደሴ)

መልስ፦ አይነሡ። ካፌይን በሙቅ ውሃ ቶሎ ስለሚሟሟ ብዙው የሚወጣው በአቦሉ ነው፤ ቶናና በረካ ከዚያ ይቀጥናሉ፤ ያም ሆኖ አተላው ጀበናው ውስጥ ስለሚቆይ ባዶ አይደሉም። ስለዚህ አቦሉን ያሳልፉ፣ ቶናውን በግማሽ ስኒ ያስቀዱ፣ በረካውን ሙሉውን ይጠጡ፤ ምርቃቱም አያመልጥዎትም። አቦሉ ሲቀዳ ከደረሱ «ለኔ ስስ አድርጊው» ብለው ስኒው ላይ ሙቅ ውሃ ያስጨምሩ። በቀን ሦስት ቤት ከተጠሩ በአንዱ ቤት ብቻ ሙሉ ይጠጡ፤ በሌሎቹ ቆሎውንና ዳቦውን ያብዙ። ለሚያፈሉት ሴት ገና ሲቆሉ ሳለ በለሆሳስ ቢነግሯቸው ጥሩ ነው፤ ስኒው ከተቀዳ በኋላ እንቢ ማለት ነው የሚያስቀይመው። የራስዎ ተራ ሲደርስ ደግሞ ግማሽ ገብስ ያፍሉና ማን እንደሚያውቅበት ይዩ፤ ገብስ የማይስማማው እንግዳ ካለ ግን አስቀድመው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ መጠኑን አልጨመርኩም፣ እንዲያውም ቀንሻለሁ፤ ከሳምንት ወዲህ ግን አንዲት ስኒ ቡና እጄን ታንቀጠቅጠኛለች። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲፕሮ ታዝዞልኛል። ይገናኛሉ? (ከወልዲያ)

መልስ፦ ይገናኛሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ጉበት ካፌይንን የሚሰብርበትን ኤንዛይም ያግዳል፤ አንዷ ስኒ የሁለት ያህል ሆና ትቆያለች። መድኃኒቱን አያቋርጡ፤ እሱን እስኪጨርሱ ድረስ ቡናውን በግማሽ ይቀንሱ። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም ካፌይን በሰውነት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል። ሲጋራ በተቃራኒው ቶሎ ያስወግደዋል፤ ለዚህ ነው ሲጋራ ያቆመ ሰው በዚያው የቡና መጠን የሚንቀጠቀጠውና እንቅልፍ የሚያጣው፤ ሲያቆም ቡናውንም በሲሶ ወይም በግማሽ ማውረድ አለበት። የእንቅርት መድኃኒት፣ ሌቮታይሮክሲን፣ የሚወስዱ ደግሞ በባዶ ሆድ በውሃ ውጠው ቡናውን ቢያንስ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ያቆዩት፤ አብረው ከጠጡት መድኃኒቱ በሚገባ ወደ ደም አይገባም።